ዝንብ አባራሪውና የማሬ ስም

መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ሳቅ ነው። ሞተሩ እያገሳ ሳለ ሁሉም ለመደማመጥ ይጯጯኻል፤ ሞተሩ በድንገት ሲቆም ግን ጩኸቱ አብሮ አይቆምም። በዚያ የመስከረም ቅዳሜም በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ «የምራቴስ ስንፍና!» ብለው የጮኹት ጸጥ ባለ ቤት መካከል ወደቀ። ምራታቸው አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የወፍጮው ሠራተኛ ሙሉሰው ሳቁን ይዞ ወደ በሩ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ በስፌት መኪናዋ ላይ ያቀረቀረችው እፀገነት ቀና እስክትል ጠበቀና፣ ዱቄት ያነጣቸውን እጆቹን አንቀሳቀሰ። ባልቴቲቱን፣ ምራቲቱን፣ ጩኸቱን፣ የቤቱን ጸጥታ፣ ሁሉንም ነገራት። እፀገነት መስማት የተሳናት ሴት ናት። ሳቋ ግን መንገድ ተሻግሮ ተሰማ።

«ይህን ልጅ ምን ነካው?» አሉ፣ በሩ አጠገብ ጆንያቸውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ። ለበሶ የተቆላ ገብስ በበቅሎ ጭነው ከጉና ግርጌ የመጡ ናቸው። ሁልጊዜ የሚያስፈጩበት ወፍጮ ስለተበላሸ እዚህ ቤት የገቡት ገና ዛሬ ነው።

«አይደንግጡ፣ አያ ጓንጉል» አላቸው ጭነት አውራጁ ሞላ፤ የአገራቸው ልጅ ነውና ያውቃቸዋል። «ዝንብ እያባረረ ነው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዝንቦቹ ግን አላለቁም።»

ሙሉሰው አንገቱን ደፋ። ዓይን አፋር ነው፤ «ዝንብ አባራሪው» የሚለውን ስም ቢለምደውም በእንግዳ ፊት ሲጠራበት ያፍራል። ከሁለት ዓመት በፊት እፀገነት ለክክ ያመጣችውን አተር ዱቄት አድርጎ አስረክቧት ነበር። አስቀድማ በእጇ ብታሳየው፣ ብታሳየው አልገባውም። እንባዋን ጠርጋ ስትሄድ፣ ከጥፋቱ ይልቅ «ይቅርታ» የሚልበት መንገድ ማጣቱ አንገበገበው። በሳምንቱ አተሯን በክክ ተክቶ፣ ደብተር ይዞ ሱቋ ገባና፣ «ይቅርታ በእጅ እንዴት ይባላል?» ብሎ ጻፈላት። አሳየችው። ትምህርቱ በዚያው ተጀመረ።

ያበረታታው ሰው ግን አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ ፍቅርተ፣ «ደህና አፍ ሰጥቶህ ዲዳነትን በእጅህ ትጠራለህ?» ብለው አለቀሱ። ጓደኞቹ፣ «እንግሊዝኛ ብትማር እንኳ ባዋጣህ! ደግሞስ ከስድስተኛ ክፍል የወጣህ ሰው ምን ቋንቋ አለህ?» አሉት። እሱ ከጆንያ ክምር ኋላ ተሸሽጎ፣ ብርድ በሆነ ቀንም በጋቢው ውስጥ ጣቶቹን እያጣጠፈ፣ በቀን አምስት አምስት ቃል ይለማመድ ነበር። ሰው እያጨበጨበለት መማር ለማንም ይቀላል። እየተሳቀበት የሚማር ግን ልቡ የጠና ነው።

አያ ጓንጉል በዱላቸው ጠሩት። «ና እስቲ፣ አንተ ልጅ። የማን ልጅ ነህ?»

«የደምሴ ልጅ ነኝ፣ አያ።»

«ምላስ አለህ እኮ! ምላስ ያለው ሰው በእጁ ምን ያወራል? አፍ ለነገር፣ እጅ ለእርፍ ነው የተፈጠረ።»

«እውነትዎን ነው። ግን ካህኑ ሊባርኩ እጃቸውን ሲያነሡ አንገትዎን ዝቅ አያደርጉም? ቃሉን ባይሰሙትም ይገባዎታል።»

«እሱ ቡራኬ ነው፤ ወሬ አይደለም!»

«ቡራኬን የተሸከመ እጅ ወሬ አይከብደውም ብዬ ነው፣ አያ።»

አያ ጓንጉል ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ምላሰኛ ነህ ለካ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። እስቲ ይህችን ንገርልኝ፦ ዘንድሮ ገብሱን በረዶ መታው፤ ድንቹ ግን ተርፏል።»

ሙሉሰው ነገራት። እፀገነት መንገዱን ተሻግራ መጣችና በደብተሩ ላይ ጽፋ ለሞላ ሰጠችው። ሞላ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ድንቹ ከተረፈማ አንድ ቁና ይላኩልኝ፤ እኔም ብብቱ የተተረተረውን ካፖርትዎን እሰፋልዎታለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ ጓንጉል ክንዳቸውን አነሥተው ብብታቸውን አዩ፤ እውነትም ተተርትሯል። እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ደረቀ።

«እኔም ቤት አንዲት ዲዳ አለችኝ» አሉ። «ልጄ ናት፤ ማሬ ትባላለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ መምህር መጥቶ፣ መስማት ለማይችሉ ልጆች ከተማ ውስጥ ክፍል አለ፤ ምዝገባው ሰኞ ያበቃልና አምጧት አለኝ። አላመጣም አልኩት።»

«ለምን፣ አያ?»

«ይስቁባታላ! አገሬውም ጓንጉል ዲዳዋን ከተማ ጥሎ መጣ ይላል። ደግሞስ እኛ ዘንድ ምን ጎደላት? ብዪ ስንላት ትበላለች፤ ተኚ ስንላት ትተኛለች፤ ነይ ስንላት ትመጣለች።»

«ይህንንማ በቅሎዎም ታውቀዋለች» አለ ሙሉሰው።

ቃሉ ካፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። አያ ጓንጉል ዱላቸውን ጨብጠው ተነሡ። «ሞላ! ጫንልኝ። ሌላ ወፍጮ አላጣም።»

እፀገነት የሁለቱንም ፊት አይታ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ሙሉሰው እያፈረ፣ ሳይቀንስ ነገራት። ግንባሯን ቋጥራ ገሠጸችው፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ቀስ ብላ እጆቿን አንቀሳቀሰች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያ፤ ባለግሁ» አለ ሙሉሰው። «እሷ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ ትላለች። ማሬ፣ ስሟ ማሬ መሆኑን ታውቃለች?»

አያ ጓንጉል ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። እፀገነት ቀጠለች፤ ሙሉሰውም በቃል አወጣው፦ «እኔ ስም እንዳለኝ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እንደ በሬ የሚያመሰኳ ይመስለኝ ነበር።»

ሞላ ሊስቅ አለና ተወው። ሽማግሌው ጆንያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እናቷ ስታርፍ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሬ ከአክስቷ ዘንድ ነበረች፤ ቀብሩን አላየችም። ስትመለስ እናቷን ፈለገች። ምን ብለን እንንገራት? እጃችንን ወደ መሬት ጠቆምን። በማግሥቱ ዶማ ይዛ ወጣች። ጓሮውን ስትቆፍር፣ ስትቆፍር ዋለች። ዶማውን የቀማኋት እኔ ነኝ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነን፤ ዛሬም ጀንበር ስትጠልቅ የእናቷን ነጠላ ይዛ በር ላይ ትቆማለች።»

ሙሉሰው ይህን ለእፀገነት ሲነግራት ዶማው ላይ ሲደርስ እጆቹ አልታዘዝ አሉት። እሷ ዓይኗን ጠርጋ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ያን ጊዜ መብራት መጣ። ሞተሩ አገሳ። አያ ጓንጉል አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሙሉሰው ጆሮውን ቢያስጠጋም አልሰማም። የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ጮኹ፤ ሞላም፣ «ምን አሉ?» ብሎ ጮኸ፤ እሱንም የሰማው የለም። በዚያው ሰዓት እፀገነት ከመንገዱ ማዶ ለሙሉሰው አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ከወፍጮው አፍ አጠገብ ሆኖ በእርጋታ መለሰላት። ያን ሁሉ ጩኸት ጥሰው የተግባቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አያ ጓንጉል አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። በዚያች ሰዓት በዚያ ቤት የማይሰሙት እሳቸው ነበሩ፤ ይህንንም ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

መጥተው የሙሉሰውን እጅጌ ጎተቱና ሁለት ባዶ መዳፎቻቸውን ዘረጉ። ተራ ጠባቂው ቢቆጣም ሙሉሰው ሞተሩን አጠፋ።

«ስሟን በእጅ እንዴት ነው የምጠራት?» አሉ።

ጥያቄው መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ መልሱም መጣ። «የእጅ ስም ከሰውየው ጠባይ ነው የሚወጣ። ማሬ ስትደሰት ምን ታደርጋለች?»

«ግልገል በተወለደ ቁጥር አንሥታ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች።»

እፀገነት የእጇን ጀርባ ጉንጯ ላይ ሁለት ጊዜ አሻሸች። አያ ጓንጉልም ያን እርፍ ያሻከረውን እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው አነሡ። ሞላ አልሳቀም።

ሰኞ ጧት ማሬ በበቅሎ ከተማ ገባች፤ በዚያው ከሚኖሩት አክስቷ ዘንድ አርፋ ትምህርቷን ጀመረች። አባቷም በየቅዳሜው ገብሱን ሰበብ እያደረጉ ወፍጮ ቤቱ ይመጡና ከሙሉሰው አምስት አምስት ቃል ይዘው ይሄዱ ጀመር። አሁን ሳቁ ወደሳቸው ዞረ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ዘውዱ፣ «አያ ጓንጉል፣ ጥርስዎን ያመዎታል እንዴ? ጉንጭዎን ያሻሻሉ» አላቸው። «አዎ» አሉት፤ «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሞኝ ነበር፤ የሻረልኝ አሁን ነው።»

ነገሩ በሳቸው አላበቃም። የወፍጮ ቤቱ አውራጆች «ቁም»ን፣ «ቀስ»ንና «ከባድ ነው»ን ከሙሉሰው ተማሩ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ጆንያ እግር ላይ መውደቁ ቀረ። ከሁሉ ቀድሞ የተማረው ሞላ ነው። አያ ጓንጉል የተፈጨ በሶ ይዘው ከወይዘሮ ፍቅርተ ቤት ሄዱና፣ «ልጅዎ ልጄን ሰጠኝ» አሏቸው። ወይዘሮ ፍቅርተም ምሽቱን ሙሉሰውን፣ «ለመሆኑ ‹ራት ደርሷል› በእጅ እንዴት ይባላል?» ብለው ጠየቁት። ሁለት ዓመት ተሸሽጎ ብቻውን የተለማመደ ሰው ያን ዕለት ከእናቱ ጋር ተለማመደ። ቋንቋ የሚማር ሰው ዝምታ የቆለፈው ቤት ያለበትን አስቀድሞ አያውቅም። ቁልፉን ይዞ የተገኘ ግን አንድ ቀን ይጠራል፤ ይስቁበት የነበሩትም ተከትለውት ይገባሉ።

በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ማሬ ወደ አገሯ ተመለሰች። አባቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወስደው ከእናቷ መቃብር አጠገብ አስቀመጧትና፣ በገዛ እጃቸው፣ እየተሳሳቱ ነገሯት፦ እናትሽ ታማ ሞተች፤ እዚህ ተቀበረች፤ ተመልሳ አትመጣም፤ ትወድሽ ነበር። «ትወድሽ» ላይ ጣታቸው ተሳሳተ። ማሬ እያለቀሰች ጣታቸውን ይዛ አቃናችላቸው።

ያን ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ በር ላይ አልቆመችም። የእናቷን ነጠላ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ በእጇ፣ «ነገ ግልገሎቹን ማን ያወጣል?» ብላ ጠየቀቻቸው።