ኦክሳና ቤት ለቅሶ ስንደርስ

እዚህ ስዊስ አገር፣ ኦፕፊኮን በምትባል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አብራኝ አልጋ የምታነጥፈው ኦክሳና የአባቷን መርዶ የተረዳችው በስልክ ነው። ጦርነት ነውና የትውልድ ከተማዋ ካርኪቭ ሄዳ አትቀብር፤ በማግስቱ ሥራ ገባች! ሰው እንዴት ብቻውን ያዝናል ብዬ ተናደድኩ። ከሥራ እንደወጣን ያገሬን ሰው እትዬ አልማዝን አስከትዬ፣ ምስር ወጥ በድስት ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ግራ ገባትና፣ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" አለችን። "ምንም። አብረንሽ ልንቀመጥ ነው" አልኳት በተሰባበረ ጀርመንኛዬ።

አስገባችንና ተቀመጥን። በኋላ እትዬ አልማዝ በለቅሶ ቤት ደንብ፣ "አባትሽ የት አገር ሰው ነበሩ?" አሏት። "ካርኪቭያኒን" አለች። እኛ ጎንደሬ እንደምንለው መሆኑ ነው፤ የእነሱ ግን ወንዱና ሴቷ ይለያል። "እኔ ካርኪቭያንካ ነኝ። ብዙ ስንሆን ካርኪቭያኒ እንባላለን። እዚህ ከመጣሁ ግን እንዲያ ብዬ የምጠራው ሰው የለኝም" አለችና ያኔ ገና አለቀሰች። እኛም አብረናት አለቀስን።

ስንወጣ ጎረቤቷ፣ አንዲት የስዊስ አሮጊት፣ ለቅሷችንን ሰምታ ኖሮ በሯን ከፍታ፣ "እነማን ናቸው?" ብላ ጠየቀቻት። ኦክሳና የእትዬ አልማዝን ነጠላ ትከሻቸው ላይ እያስተካከለች፣ "ካርኪቭያኒ ናቸው" አለቻት።