እትዬ ሸለብታና በፀሐይ የሚዘጋው በር

የኀዘናችን ተካፋይ ለመሆን ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ በፊታችን ያረፉት መምህርት በሕይወት ሳሉ ረዥም ንግግር ሲደረግ ሁልጊዜ ከመካከሉ ላይ ሸለብ ያደርጋቸው ስለነበር፣ ይህንንም ታሪክ እስከ መጨረሻው ያደምጡታል ብለን ተስፋ አናደርግም፤ ቢሆንም የኖሩትን ኑሮ ሳንናገር ወደ አፈር ልንሸኛቸው አልሆነልንምና ጥቂት ታገሡን።

መምህርቷ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ከነበሩት እናታቸው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታቸው ጎሕ ሲቀድ ከሥራ ገብተው ቀን የሚተኙ በመሆናቸው፣ በዚያ ቤት መጋረጃው እስከ ቀትር አይገለጥም፣ ድስት አይንኳኳም፣ ልጆቹም ሲጣሉ እንኳ የሚጣሉት በሹክሹክታ ነበር፤ ታናሺቱ ግን ከጸጥታው ጋር ከመታገል ይልቅ ከእናታቸው ጎን ሸጎጥ ብለው መተኛትን መረጡ። አባታቸው የሚጠግኗቸውን ሰዓቶች ድምፃቸው እንዳይረብሽ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ እንደነበርና፣ በመጋረጃው ስንጥቅ የገባችው ብርሃን በግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ ከዚያ ጥቅል ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ በሩቁ እንደሚዘንብ ዝናብ ያደምጡት እንደነበር እስከ እርጅናቸው ድረስ ይናገሩ ነበር። ለእርሳቸው እንቅልፍ የሰነፍ መጠለያ ሳይሆን የሠራ ሰው ደመወዝ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሲስተሮች በሚመሩት ካቶሊክ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ፀሐይ እየሞቁ፣ ግማሹን በእውን ግማሹን በሕልም ተምረው መምህራኑን በሚያስገርም ውጤት አለፉ። አንድ ቀን የሒሳብ መምህራቸው የተኙ መስሏቸው ሊያሳፍሯቸው ድንገት ቢጠይቋቸው፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ትክክለኛውን መልስ በመስጠታቸው «እትዬ ሸለብታ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ገና በልጅነታቸውም እትዬ ለመባል በቁ። በጸሎት ቤት ማንቀላፋታቸውን ለካህኑ ሲናዘዙም፣ ካህኑ በእኔ ስብከት ሰዓት ካልሆነ ግድ የለም ብለው እንዳሰናበቷቸው፣ ያ ሰዓት ግን ዋነኛው እንደነበረ ሳይናገሩ እንደወጡ አጫውተውናል።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን ፈጽመው እዚያው ባደጉበት ትምህርት ቤት የሃይማኖትና የሥነ ምግባር መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። ለሥራቸው ልብስ ሊያሰፉ ወደ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ ዘንድ በሄዱ ጊዜ፣ ልኬታቸው እየተወሰደ ሳለ ቆመው እንዳንቀላፉ፣ ልብስ ሰፊውም እንዳይቀሰቅሷቸው ትከሻቸውን ደጋግመው ሲለኩ እንደቆዩ ሁለቱም አይክዱም ነበር። በተክሊል ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጆቻቸውም በስፌት መኪና ድምፅ እየተኙ፣ ድምፁ ሲቋረጥ እየነቁ አደጉ።

በትምህርት ቤቱ የአገልግሎትና የማኅበራዊ ፍትሕ ክበብ የሚባል ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚቸኩልበት ሰዓት የሚካሄድ በመሆኑ ሁሉም አልፈልግም ብሎ በእርሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ቀድሞ ተማሪዎቹ ሳሙናና አሮጌ ልብስ ተሸክመው ወደ አረጋውያን መጦሪያው ይሄዱ፣ ፎቶግራፍ ይነሡና ይመለሱ ነበር። መምህርቷ ግን ጉብኝቱ በባዶ እጅ እንዲሆን ወሰኑ። ወላጆች በባዶ እጅ የሰው ደጅ መርገጥ ነውር ነው ብለው ቢያጉረመርሙ፣ ዕቃ ይዞ የሄደ ዕቃውን አስረክቦ ይወጣል፣ ባዶ እጁን የሄደ ግን መቀመጥ ግድ ይሆንበታል ብለው መለሱላቸው። ራሳቸውም እንዳሉት ተቀመጡ፤ በተቀመጡም ቁጥር ሸለብ አደረጋቸው። በሌላ ሰው ቢሆን ንቀት በተባለ ነበር፤ አረጋውያኑ ግን ሲታዘንላቸው የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ የሚያዝኑለት እንግዳ በማግኘታቸው ደስ አላቸው፤ ትራስ የሚያቀብሉ፣ ዝንብ የሚከለክሉ፣ ተማሪዎቹንም ዝም በሉ ብለው የሚቆጡ የቤቱ ባለቤቶች ሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ የሚሳሱላቸው ጡረተኛዋ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። አንድ ዓርብ መምህርቷ በእኚህ አሮጊት አልጋ አጠገብ እንዳንቀላፉ፣ ኦፕሬተሯ ሹራባቸውን እስከ ራሳቸው ድረስ ደርበውላቸው ተማሪዎቹን በጣታቸው ምልክት እየሰጡ አሰናበቷቸው፤ የተማሪዎቹ አለቃም በሹራቡ ሥር ያሉትን ሳታይ መምህርቷ ቀድመው የወጡ መስሏት ጓደኞቿን ይዛ ሄደች። አሥር ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ፣ የክፍሉም በር ከውጭ ተቆለፈ። መምህርቷ ሲነቁ ፀሐይ ወለሉን ሞልታው፣ በግቢው ዛፍ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ የሌሊት ልብሱን ለብሶ፣ ተጋድሞ ጣራውን ያያል። ሕልም ነው ብለው ዐይናቸውን መልሰው ጨፈኑ፤ ሲገልጡት ያው ነበር። ባደጉበት ቤት ቀን የሚተኛው የደከመ ሰው ነበር፤ እነዚህ ግን ሳይደክሙ፣ እንቅልፋቸውም ሳይመጣ የተኙ ሰዎች ነበሩ።

ኦፕሬተሯ በሹክሹክታ እንዳስረዷቸው፣ በሩ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ የሚከፈተው ሲነጋ ነው፤ ውኃ የጠማው እንደጠማው፣ መጸዳጃ የፈለገውም ኀፍረቱን ይዞ ያድራል። ስለምን ሳይነግሯቸው እንደኖሩ ቢጠይቋቸው፣ «ብንነግራችሁ ተጣልታችሁ ትቀሩብናላችሁ ብለን ነዋ» አሉ፤ ቀጥለውም «ስንቱን ሰው በመስመር ሳገናኝ ኖሬ፣ እኔ ስደውል የሚያነሣልኝ አጣሁ» ብለው ሳቁ። መምህርቷ አልሳቁም። ባለቤታቸው፣ ሚስታቸው ሲጠፉባቸው ጊዜ፣ ሜትራቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ መጥተው በዘበኛው እስኪያስከፍቱ ድረስም በሩን አላንኳኩም፤ ቢያንኳኩ የሚከፈተው ለእርሳቸው ብቻ መሆኑን ዐውቀው ነበርና።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የመጦሪያው ሠራተኞች ቁጥራቸው አንሶ፣ ማታ የሚቆይ ሰው ሳይቀጠር ቀርቶ ነው እንጂ ጨካኞች አልነበሩም፤ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ባለጸጋ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ጣራ ያሠሩ፣ የቦርዱም ሰብሳቢ ነበሩ። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ደግ ሰው ሲሆኑ ፈሪም ነበሩና፣ መምህርቷ ያዩትን ቢነግሯቸው፣ በዚህ ምክንያት ክበቡም እንጀራቸውም ሊሄድ እንደሚችል ነግረው «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ሲሉ ለመኗቸው። መምህርቷም ዝምታው ባይነቅዝም የተቆለፈበት ሰው ይነቅዛል ብለው ተነሥተው ወጡ። በሚቀጥለው ዓርብ የጉብኝቱን ሰዓት ወደ አሥር አዛወሩት። ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹ በየአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ተገኙ፤ የሌላ ሰው ልጆች ውስጥ ሳሉ በር መቆለፍ አይቻልምና ቁልፉ በሠራተኛዋ እጅ ላይ ቀረ፤ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆችም በጠራራ ፀሐይ የተኙትን ሽማግሌዎች በገዛ ዐይናቸው አዩ። ወሬው ከተማውን ሳይዞር ክበቡ ከመምህርቷ ተነጠቀ፤ ከማስተማርም ተነሥተው ወደ መጻሕፍት ቤት ተዛወሩ፣ ወደ መጦሪያውም እንዳይደርሱ ተከለከሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያደረጉት እርሳቸው አይደሉም፤ ተማሪዎቹ ናቸው። ማንም ሳያዝዛቸው ተራ ገብተው፣ ዓርብ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ፣ አንዳንዶቹ ከነእናቶቻቸው፣ ዝናብ ሲሆን ጫማቸውን በደጅ እያወለቁ፣ ደወሉ ሲደወል ገብተው እስኪመሽ ይቀመጡ ጀመር። ባለጸጋው በመጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው አፈሩ፣ በመጨረሻም ማታ የሚሠሩ ሰዎች ቀጥረው የበሩን ቁልፍ አስነቀሉ፤ ይህንንም ባስታወቁበት ስብሰባ ሐሳቡ የራሳቸው እንደነበረ ሲናገሩ፣ መምህርቷ ከኋላ ወንበር ሆነው ከሰው ሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ። ክበቡ ግን አልተመለሰላቸውም። በመጻሕፍት ቤቱ እስከ ጡረታቸው ሲሠሩ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የልጆቹ ጫጫታ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ መጽሐፋቸውን ከድነው ያደምጡ ነበር፤ አላዘኑም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ከጡረታቸው በኋላ ክልከላውን የሚያስታውስ ሰው ስላልነበረ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሳያቋርጡ በያዙት ተራ ውስጥ እርሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ገቡ፤ ተራቸው በደረሰ ቁጥርም ሄደው እንደ ልማዳቸው አንቀላፉ።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸናባቸው፤ በጀርባቸው መተኛት ስላልቻሉም ለእኛ ከሁሉ የከበደን፣ እንቅልፍን እንደ ወዳጅ ይዘው የኖሩት ሰው እንቅልፍ ማጣታቸው ነበር። ሐኪሞች የሚቻላቸውን አደረጉ፤ እንደ አያቷ ነርስ የሆነችው ልጃቸውም ከሥራ ሰዓቷ በቀር ከጎናቸው አልተለየችም። ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ ባለቤታቸው እየሰፉ ሳለ ቀና ቢሉ፣ መምህርቷ በወንበራቸው ላይ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ዐይናቸውን ጨፍነው አዩአቸው፤ በመጨረሻ ተኙልኝ ብለውም እንዳይቀሰቅሷቸው መኪናቸውን አቆሙ። ልጃቸው ከሥራ እስክትመለስ ድረስም እጃቸውን አጣጥፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ አብረዋቸው ተቀመጡ።

መምህርቷ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወንድ ልጃቸውን፣ ነርሷን ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ዛሬ ይህን ግቢ የሞሉትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሌሎችም አሉ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በመጦሪያው የመቀመጡ ተራ የእርሳቸው ነበር፤ ታመው ሳሉ እንኳ ለማንም አሳልፈው አልሰጡትም። አረጋውያኑ ዕረፍታቸውን ገና አልሰሙም፤ ከመካከላችን ሊያረዳቸው የደፈረ አልተገኘም። ባለቤታቸው ግን ከቀብሩ መልስ ወደ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ወደዚያ እንደሚሄዱ፣ በሚስታቸው ወንበር እንደሚቀመጡና አረጋውያኑ እስኪጠይቋቸው ድረስ ምንም እንደማይናገሩ ነግረውናል፤ ስለዚህ ሰዓቱ እንዳያልፍባቸው ንባባችንን በዚህ እናበቃለን።

መሐሪው አምላክ የመምህርታችንን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለሚጠብቃቸው አቅሙን ይስጣቸው። አሜን።