ከነርሲንግ ሆም ሬዲዮ የመጣው መዝሙር

ለቤተ ክርስቲያኑ መጽሔት ከሆነ ጻፍ፣ ልጄ፤ እኛ በነበርንበት ጊዜ መዝሙር እንደ ዛሬው በዋዛ መድረክ አይወጣም ነበር፤ ተጸልዮበት፣ በኮሚቴ ተመርምሮ ነው። ኮሚቴው ደግሞ እኔ ነኝ። አትሳቅ! እኔና ጋሼ ተድላ፣ አንዲት ኋላ ሌላ ስቴት የሄደች እህትም ነበረች፤ ግን የምናገረው እኔ ነኝ፣ እነሱ አሜን ይላሉ። «ዓለማዊ ዜማ ገና በሩቁ ይሸተኛል» እያልኩ እኩራራ ነበር። ትዕቢቴ ጣሪያ ነክቶ ነበር ብልህ ይሻላል።

ታዲያ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው የማወራህ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገና ጥቂት ሆነን፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር የፈረንጆቹን ቤተ ክርስቲያን ከሰዓት በኋላ እየተዋስን ስንሰበሰብ። እኔ አፐር አርሊንግተን አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌ ፈረንጅ ሳጥብ፣ ሳለብስ እውላለሁ። እዚያ ኩሽናው ውስጥ ሬዲዮ አለ፣ እና ያን ዓመት አንድ የእንግሊዝ ባንድ አንድ ዘፈን አወጣ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁለመናቸው ፀጉር የሆነ አራት ጎረምሶች ናቸው። ምን ልበልህ፣ ጠዋት ስገባ እሱ፣ በምሳ እሱ፣ ሺፍት ስጨርስ እሱ! ምግብ አብሳይዋ ጭልፋዋን ይዛ ትወዛወዛለች፣ ስሟን የረሳች አሮጊት ሳትቀር ዊልቼር ላይ ሆና አብራ ትዘፍናለች።

ቤቴ ስገባ ደግሞ ልጄ ቤቲ፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ያንኑ በካሴት ከፍታ ሰፈራችንን ፎረስት ፓርክን ታናውጣለች። «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» ስላት፣ «ማም፣ ዩ ዶንት ጌት ኢት፣ አይገባሽም!» ትለኝና ከመጽሔት እያነበበች እንዴት እንደሠሩት ታስረዳኛለች። ገጠር አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ተከራይተው ለአንዲት የአራት ደቂቃ ዘፈን ስድስት ወር ተቀመጡ አለችኝ። ስድስት ወር! በስድስት ወር እኮ ታጭቶ፣ ተደግሶ፣ ሙሽራዋ አርግዛ ይታያል። ከበሮውን ደረጃ ሥር አስገብተው መቱት፣ ዘፋኙ ደግሞ ድምፄ ሐዘን ሐዘን ይበልልኝ ብሎ ወለል ላይ ተንጋሎ ዘፈነ።

«ተኝቶ?»

«ኢትስ አርት፣ ማም።»

«እኔ በቀን ስንት የተኛ ሰው አነሣለሁ፣ አንዱም አርቲስት ነኝ አላለኝም!» አልኳት። በሯን በላዬ ዘጋችው።

ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን የማጸዳው እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ወንበር እየወለወልኩ አንጎራጉራለሁ። የኳየሩ መሪ ብሩክ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ዘፈን የሚባል የማይሰማ ጨዋ ወጣት፣ ኪቦርዱን ሊሞክር መጥቶ ኖሮ ቆሞ ሲያደምጠኝ ቆየና፣ «እትዬ ዘነበች፣ ይሄ ዜማ ምንድን ነው? አንጀት ይበላል!» አለኝ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ግን ከየት? ታዲያ አላውቅም ማለት ለኔ ሞት ነው፤ መርማሪዋ እኔ! «ይሄማ በደርግ ጊዜ ጴንጤ ተብለን ስንሳደድ፣ በየቤቱ መስኮት ዘግተን የምንዘምረው ነው» አልኩት። በጌታ ፊት እልሃለሁ፣ ስናገረው አምኜው ነበር። የልጁ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ቃሉስ፣ እትዬ?»

«ቃሉን ረስቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልጻፍለት?»

«ጻፍ፣ ተባረክ!»

ጻፈ፣ ኮሚቴ አቀረበ። ጋሼ ተድላ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያደምጡ ቆዩና፣ «ኧረ ይሄንንማ እስር ቤት ዘምረነዋል!» አሉ። አየህ የኛን ነገር? አንዱ አስታወስኩ ሲል ሌላው ካላስታወሰ ጃጀ የሚሉት ይመስለዋል። እኔም እሳቸውን ሰምቼ ይበልጥ አመንኩ፣ እና አሳለፍነው።

እሑድ ተዘመረ። ሕዝቡ አለቀሰልህ፣ ተንበረከከልህ! እኔ ፊት ወንበር ላይ እጄን ዘርግቼ፣ እንባዬ እየወረደ። ከኋላ ግን ልጆቹ ተያዩ፣ አንዱ ፑ ብሎ ሳቀ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ቃሉ ያዜምለት ጀመር። ቤቲ ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች። መኪና ውስጥ እንደገባን «ማም፣ ሊስን» አለችና ካሴቱን ከተተችው። ያው ራሱ! ከላይ እስከ ታች ያው ራሱ! «ዩ ህም ኢት ኦል ዘ ታይም፣ ማም፤ ሁልጊዜ ታንጎራጉሪዋለሽ፣ ሳህን ስታጥቢ እንኳ» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳንቋሽሸው የኖርኩትን ዘፈን ለካ እኔው ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን አስገብቼዋለሁ።

ወሬው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰ፣ ብሩክ ተጠራ። ከሁሉም በላይ የሚጮኹት ማን ይመስሉሃል? ጋሼ ተድላ! «ዘፈን ሰርቆ መድረካችንን አረከሰ! ከአገልግሎት ይታገድ!» እስር ቤት ዘመርነው ያሉት ሰውዬ እኮ ናቸው! «ከየት አመጣኸው?» ሲሉት ብሩክ ወደ እኔ አየ። አየኝና፣ «ስሕተቱ የኔ ነው» አለ። እኔስ? እኔ ጫማዬን አየሁ። ታገደ። ያ ልጅ እናቱ እዚያ አገር ቤት ሞታ መቅበር እንኳ ያልቻለ ነው፣ ያቺ ኪቦርድ ናት ያለችው፤ እሷኑ ቀሙት፣ እኔም ጫማዬን አየሁ።

ቤቲ «ቴል ዘም፣ ማም፣ ንገሪያቸው» ትለኛለች፤ «ነገ» እላለሁ። በኋላ ማናገሯን ተወች። በሦስተኛው እሑድ ታዲያ «ምስክርነት ያለው?» ሲባል ተነሣሁ። ማይኩን ያዝኩና፣ «ዜማውን ለብሩክ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የደርግ ጊዜ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ያመጣሁት ግን ከነርሲንግ ሆም ሬዲዮ ነው» አልኩ። ጋሼ ተድላ፣ «እህት ዘነበች፣ ሥራ በዝቶብሽ ደክሞሽ ይሆናል፤ መዝሙሩን እኮ እኔም አስታውሰዋለሁ» አሉ። «የሚያስታውሱት ከሆነ ልጁን ለምን አገዱት?» ብላቸው ውሃ ጠጡ።

እና እኔን ከኮሚቴ አወጡኝ፣ ብሩክን መለሱት። ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ሮጬ ደረስኩበትና «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ግን ሦስት እሑድ ሙሉ እርስዎን ብቻ ነው ሳይ የነበረው። አሁን ይነሣሉ፣ አሁን ይነሣሉ እያልኩ።»

አልተቆጣም እኮ! ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈራሁ» አልኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ? በእንግሊዞቹ ስስቅ፣ በጋሼ ተድላ ስስቅ፣ ከሁሉም የባስኩት ፈሪ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

— እትዬ፣ ይሄን መጨረሻውን ሳልጽፈው ልተወው? ጋሼ ተድላም ያነቡታል፣ ልጆቹም ያነቡታል።

— የሳቸውን መቁረጥ ካማረህ ቁረጥ። የኔን ግን አንዲት ቃል እንዳትነካ!