የላይኛው ጥርስና የጠፈር መንገደኞች

ቶሮንቶ ውስጥ ዌስተን ጣቢያ ባቡር ስሳፈር የአገሬን ሰው አቶ ወልደገብርኤልን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አየኋቸው። ኤርፖርት ሲያጸዱ አድረው ወደ ሁለተኛ ሥራቸው መሄዳቸው ነበር። ዕድሜያቸው ስልሳ ሊሞላ ነው። ግራ ጉንጫቸው አብጧል፤ በአፋቸው የያዙት ቅርንፉድ እኔ ድረስ ይሸታል። ሰላምታ ሰጥቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። ሁለታችንም ለወሬ አቅም አልነበረንም።

ከኋላዬ የተሳፈረችው መክሊት ግን ዝም አላለችም። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ የጥርስ ሕክምና ትማራለች።

«ጋሼ፣ ጉንጭዎ ምን ሆነ?»

«ምንም። እንቅልፍ ነው።»

«እንቅልፍ በአንድ በኩል ብቻ ያሳብጣል?»

«አማርኛሽ ለነገር ሲሆን እንዴት ይስተካከላል!» ብለው ሊስቁ ሲሞክሩ አመማቸውና ጉንጫቸውን ያዙ።

ቀስ በቀስ ነገሩን አወጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሩቅ ሰሜን ወዳለ የማዕድን ሠራተኞች ካምፕ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። የበረዶውን ወራት እዚያ በጽዳት ሥራ ያሳልፋሉ፤ አንድ ሥራ፣ አንድ አልጋ፣ የተዘጋጀ ምግብ። በሁለት ሥራ መካከል መሮጥ ሰልችቷቸዋል።

«እዚያ የጥርስ ሐኪም አለ?»

«ያለው በረዶና ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ሳይሄዱ ይታከሙ እንጂ!»

«የላይኛው ጥርስ እኮ ነው፣ ልጄ። የላይኛው ሲነቀል ዓይን ይዞ ይሄዳል። እኅቴ ትርፌ ጥርሷን በተነቀለች በዓመቱ ዓይኗ ጠፋ። እኔ ከታወርሁ ማን ይቀጥረኛል?»

ይህን ነገር እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ አፌን አልከፈትሁም። ብዙዎቻችን ጉንጫችን ካላበጠ ሐኪም ፊት አንቀርብም፤ ሲያብጥም ከሐኪሙ የጎረቤት ወሬ ይቀድማል።

መክሊት አልሳቀችባቸውም።

«ጋሼ፣ ወደ ጠፈር የሚሄዱትን ሰዎች በቲቪ አይተዋል?»

«እንደ ላባ ሲንሳፈፉ አይቻለሁ። እነሱን ደግሞ ምን አመጣቸው?»

«እነሱም እንደ እርስዎ የጥርስ ሐኪም ወደሌለበት ነው የሚሄዱት፣ ለብዙ ወራት። ስለዚህ ሳይሄዱ ጥርሳቸው በሙሉ ቼክ ይደረጋል። የተቦረቦረው ይሞላል፤ የማይድነው፣ የላይኛውም ቢሆን፣ ይነቀላል። ዓይናቸውም በጥንቃቄ ይመረመራል። ጥርስ መንቀል ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን፣ ያን ሁሉ መሣሪያ ለሚያነብ ሰው ሐኪሞቹ ይፈቅዱ ነበር?»

አቶ ወልደገብርኤል ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞሩ።

«እዚያ ቢያማቸውስ?»

«ትንሽ ሥልጠና ያለው ጓደኛቸው ጊዜያዊ መሙያ ያደርግላቸዋል፤ ካልሆነም ይነቅላል።»

«እየተንሳፈፈ?»

«ራሱንም በሽተኛውንም አስሮ።»

«ወይ ጉድ! ውኃ እንኳ አይቀመጥላቸው፣ በምን ይጉመጠመጣሉ?»

«ጠብታ ውኃ ብሩሹ ላይ አድርገው ይቦርሻሉ። አረፋውን ይውጡታል ወይም ፎጣ ላይ ይተፉታል። ሲደክማቸውም አይተዉትም።»

«እኔ ቧንቧ እያለኝ፣ ደከመኝ ብዬ እተኛለሁ» አሉ በዝግታ። ከዚያ እንደገና ጠነከሩ። «የትርፌስ ዓይን?»

«ሌላ ሕመም ነበረባቸው?»

«ስኳር ነበረባት።»

«ስኳር ጥርስንም ዓይንንም ይጎዳል፣ ጋሼ። ሁለቱንም የጎዳው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እናንተ የከሰሳችሁት የነቀለውን ሰው ነው።»

ብዙ ዓመት የያዙትን ነገር ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው። ባቡሩ ብሉር ጣቢያ ሲቆም ቅርንፉዱን ከአፋቸው አውጥተው በሶፍት ጠቀለሉት።

«የምትማሪበት ክሊኒክ ዛሬ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው። ለሥራዎ ኮል አድርገው እንደሚቀሩ ይንገሩ።»

«ነይ እንግዲህ። ከታወርሁ የምትመሪኝ አንቺ ነሽ!»

ጥርሱ ሊድን ስላልቻለ ተነቀለ፤ ሌሎች ሁለት ተሞሉ። በጥር ወር የበረዶ ማዕበል አውሮፕላን ባገደበት ሰሞን ከካምፑ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ያው የደከመ ነበር።

«አብሮኝ የሚሠራ ሰው ጥርሱን አሞት ግድግዳ ይደበድባል። የሚወስደው የለም። እኔ ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ጧትና ማታ እቦርሻለሁ። ስትመለስ ተመርመር ብዬ የጠፈሩን ሰዎች ነገር ነግሬዋለሁ። ታሞ ከመታከም ሳይታመሙ መመርመር ይሻላል፤ ገንዘብም እንቅልፍም ይተርፋል።»

«ዓይንዎስ?» አልኋቸው።

«ዓይኔማ ደህና ነው» አሉና ተነፈሱ። «ምን ይጠቅመኛል፤ ከበረዶ በቀር የሚያሳየኝ የለም! ይልቅ አንተ፣ ያን ዕለት አፍህን ዘግተህ የተቀመጥኸው፣ መቼ ነው የምትከፍተው?»

ስልኩን እንደዘጋሁ ቀጠሮ ልይዝ ለመክሊት ደወልሁ።