ወደ ድርሻ ስለሚለወጠው ብድርና ስለ ወንድሜ ጣት

ቃል ሰጪ፦ የተጎጂውም የተጠርጣሪውም እህት
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ በጭነት ማመላለሻ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከታናሽ ወንድሟ ማተሚያ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠው፦ ሐሙስ ጠዋት፣ በጣቢያው ምርመራ ክፍል

እኔ ቃል ሰጪዋ በሚቀጥለው ሳምንት የሂሳብ ባለሙያነት ፈተና ስላለብኝ፣ ረቡዕ ከሥራ መልስ እንደወትሮዬ ታናሽ ወንድሜ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሆኜ አጠና ነበር። የያዝኩት ምዕራፍ ወደ ድርሻ ሊለወጥ ስለሚችል ብድር ነው። አምና የጣለኝም ይኸው ምዕራፍ ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ አልገባ ስላለኝ የቤታችንን ውል ወስጄ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሠራሁት። ማንም የሂሳብ ተማሪ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ሁለተኛ አይለምደኝም።

ሹፌሩ ታላቅ ወንድሜ ለታናሹ ማተሚያ ማሽን መግዣ አራት መቶ ሺህ በአራት ከመቶ ወለድ ለሦስት ዓመት አበድሮታል። ጊዜው ሲደርስ ወይ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ወይ በምትኩ የሱቁን ሲሶ ይይዛል። ታላቁ በወለዱ ማነስ፣ ታናሹ ሲሶ ሱቁን በመፍቀዱ፣ እያንዳንዱ ውለታ የዋለው እሱ ይመስለው ነበር። እስከ ረቡዕ ድረስም በዚህ ተፋቅረው ኖረዋል።

ሂሳቡ ምንድን ነው ተብዬ ስጠየቅ እንዲህ አስረድቻለሁ። እንዲህ ያለ ብድር ውስጡ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ተራ ዕዳ፣ ሌላው ባለድርሻ የመሆን መብት። ዕዳው የሚገመተው በውሉ ወለድ ሳይሆን፣ መብቱ ባይኖር ባንክ በሚጠይቀው ወለድ ነው፤ ያም አሥራ ሁለት ከመቶ ነው። በዚህ ሲሰላ ዕዳው ገንዘቡ በተሰጠበት ቀን የሚያወጣው ሦስት መቶ ሃያ ሦስት ሺህ ገደማ ነው። የቀረው ሰባ ሰባት ሺህ የመብቱ ዋጋ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደረሰኝ ሊያሳትም መጥቶ ሰሌዳውን አየ። «ይቺ ሰባ ሰባት ሺህ ደግሞ የማን ናት?» አለኝ። «አንተ ለመብቱ የከፈልካት ናት» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው። «ምን ከፈልኩ? ርካሽ ብድር ሰጠሁ እንጂ» አለ። ታናሹ ከማሽኑ ቀና ብሎ «ሲሶ ሱቄን በሰባ ሰባት ሺህ ገዝተሃል በለኛ» አለው። ሁለቱም ተበዳይ ሆነው አረፉት። ነገሩ ለፈተና ነው ብላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

ታላቅ ወንድሜ ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው አይደለም። ነገር ግን ታናሹ «በል እንግዲህ ባለቤቱ፣ ና ማሽኑን ያዝ» ሲለው ደሙ ፈላ። የወረቀት መቁረጫው ያለበትን ጠረጴዛ ገፋው። ጠረጴዛው የታናሹን ቀኝ እጅ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ሌባ ጣቱን ሰበረው። ታላቁ ወዲያው ጠረጴዛውን ብቻውን ጎትቶ አላቀቀውና ክሊኒክ ወሰደው። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ የነበረው ጣቱ የተሰበረው ሳይሆን እሱ ነው። ለፖሊስ ያመለከተው ክሊኒኩ ነው።

ሆን ብሎ ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ጠረጴዛውን ሆን ብሎ ገፍቷል፤ ከኋላው እጅ መኖሩን ግን አላየም። ከተከሰሰ የሚሠራበት ድርጅት የሚነዳውን መኪና እንደሚነጥቀው አውቃለሁ። ታናሹ እጁ እየታሸገ «ጠረጴዛው ተንሸራተተ በይ፣ አደራ» ብሎኛል። ታላቁ ደግሞ እዚህ ጣቢያ ሲገባ «ያየሽውን ተናገሪ» ብሎኛል። ሁለቱም ወንድሞቼ ናቸው፤ የሁለቱንም መፈጸም አልቻልኩም። በመካከላቸው ዋጋው ያልታወቀ ሌላ ውለታ እንዲጨመር ስላልፈለግኩ የታላቁን ቃል ይዣለሁ። ታናሹ ቢያኮርፈኝ አልፈርድበትም።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬያለሁ። የሚታረም ካለ ተብዬ ተጠይቄ፣ «ገፋው» የሚለው እንዳለ ይቆይ ብዬ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________