ዳማ የማትታነቅበት ማሰሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በጋሽ የሺጥላ እህል ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ «አንተ ቢኒ! የተማርከው ለዛሬ ነው፤ ና ግባ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ጠራኝ።

ስገባ ጋሽ የሺጥላ በርከክ ብለው፣ ዳማ የሚሏትን ድመታቸውን ከአንገቷ በታች በጆንያ ጠቅልለው በጉልበታቸው መሃል ይዘዋታል። በእጃቸው ከአሮጌ የአህያ መጫኛ የተቆረጠ ጠፍርና የብረት ዘለበት አለ።

«ጭንቅላቷን ያዝልኝ። የእንስሳት ሐኪም አይደለህ?»

እርግጥ የእንስሳት ጤና ተምሬ አዲስ አበባ በአንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ያን ጠፍር እያየሁ ግን እጄን መዘርጋት አልቻልኩም።

«ምን አድርጋ ነው ጋሼ?»

«ምን ያላደረገችው አለ! ዘጠኝ ቀን ጠፍታ ከረመች። በዘጠኝ ቀን አይጡ አራት ጆንያ ስንዴ በሳሳብኝ። ኋላ ከአዲሱ ሰፈር፣ ማርቲ ከምትባል ሴት ቤት አገኘኋት። ትንሽ ልጇ ሩሃማ ሉሲ ብላ ስም አውጥታላት ወተት ታጠጣልኛለች! እኔ ዳማ ብዬ ብጠራት ዞራም አላየችኝ። ከእንግዲህ ይቺን ጠፍር አጥብቄ አስርላታለሁ፤ የሰው መሆኗ ይታወቅ!»

ጋሽ የሺጥላ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ከምሳቸው ለዳማ ሳያቀምሱ እጃቸውን ታጥበው አያውቁም። በሰፈራችን ድመትን በሲባጎ ማሰርም የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ልቆጣቸው ሳይሆን ላስረዳቸው ወሰንኩ።

«ጋሼ፣ ማሰሪያ ማድረጉን አልቃወምም። ይህ ጠፍር ግን ይገድላታል።»

«ጠፍር ነው እንጂ መርዝ መሰለህ?»

«ድመት በአጥር ትሾልካለች፣ ዛፍ ትወጣለች። ጠፍሩ በቅርንጫፍ ወይም በቆርቆሮ ጫፍ ከተያዘ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ለድመት የሚሆነው ከጨርቅ የተሠራ፣ ቀለል ያለና ጠንከር ተደርጎ ሲሳብ በራሱ የሚከፈት ማሰሪያ ነው። መቆለፊያው እንደ ተማሪ ቦርሳ ቀጭ ይላል፤ ክብደቷ ሲያርፍበት ግን ይለቃታል።»

ከት ብለው ሳቁ። «በራሱ የሚከፈት! እንዲህ ያለውን ቁልፍ ለመጋዘኔም ፈልግልኝ እንጂ!»

«የመጋዘን ቁልፍ ሌባ ይከለክላል። ማሰሪያ ግን ማንንም አይከለክልም፤ ሊወስዳት የፈለገ ዘለበቱን ፈትቶ ይወስዳታል። ለመሆኑ ማርቲ ሌባ ናት?»

«ኧረ እሷስ ጨዋ ናት። ባለቤት የላት መስሎኝ ነው ብላ ይቅርታ ጠይቃኛለች።»

«የእርስዎ ስልክ ቁጥር አንገቷ ላይ ተጽፎ ቢሆንስ?»

ትንሽ አሰቡ። «የዚያኑ ዕለት ትደውል ነበር። ግን ተከፍቶ ቢወድቅስ? ቁጥሩም አብሮ ወደቀ!»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። «ሊወድቅ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ማሰሪያ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። ዳማ ብትታነቅ ግን...»

«ሌላ ድመት ይመጣላ!» አሉ፤ ጣታቸው ግን የዳማን ጆሮ ያክክ ነበር።

በዚህ መሃል ደንበኛቸው ኦቦ ኩምሳ አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። «አካም ቡልታን ጋሼ!» ብለው ሰላምታ ሰጡና በጆንያ የተጠቀለለችውን ዳማን አዩ። «ደግሞ ድመት በኪሎ መሸጥ ጀመሩ?»

ጋሽ የሺጥላ ዳማን ለእኔ አስታቅፈው ከኦቦ ኩምሳ ጋር ሁለት ጆንያ ጫኑ። ገመዱን የሚቋጥሩት ግን ጋሽ የሺጥላ ራሳቸው ናቸው፤ በዚህ ሥራ ማንንም አያምኑም። እጃቸውን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ጋሼ፣ የገመዱን ጫፍ ለምን አጥፈው ሸጎጡት? ድርብርብ አድርጎ መቋጠር አይሻልም?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «መማር ብቻውን እንዲህ ነው! አህያዋ ጭቃ ውስጥ ብትወድቅ፣ ጭነቱ ዞሮ ቢይዛት፣ ይቺን ጫፍ መዘዝ ማድረግ ነው፤ ጭነቱ ይወርዳል፣ እሷ ትነሳለች። የማይፈታ ቋጠሮ የሚቋጥር ሰው አህያውን ይቀብራል።»

ኦቦ ኩምሳ ሳቃቸውን አፍነው፣ «አሁን የተናገሩት ስለ አህያዬ ነው ወይስ ስለ ድመትዎ?» አሉ።

ጋሽ የሺጥላ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። ሆኖም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «ልዩነት አለው። ከአህያ ኋላ ጫፉን የሚስብ ሰው አለ። ድመት የምትሄደው ብቻዋን ነው። ማን ይስብላታል?»

«በራሱ እንዲከፈት የተደረገው ለዚያ ነዋ!»

«ዱጉማ! እውነቱን ነው» አሉ ኦቦ ኩምሳ።

ጋሽ የሺጥላ ጠፍሩን አገላብጠው አዩና ጥግ ወረወሩት። «ሰኞ አምጣልኝ። ካልተከፈተ ግን የማስረው አንተን ነው!»

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሰማያዊ ማሰሪያ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ራሳቸው በኃይል ሳቡት፤ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። መልሰው ገጠሙት። ዳማ አንገት ላይ ስናደርገው ሁለት ጣት እንዲያስገባ ለካን፤ ከዚያ ከጠበበ ያንቃታል፣ ከሰፋ የፊት እግሯ ይሰካበታል። ስልክ ቁጥራቸውንም በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።

«ይህ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«ቃጭል። የት እንዳለች ይሰማሉ።»

«የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ? አይጡ ደንቆሮ ነው?»

እዚህ ላይ ተሸነፍኩ፤ ቃጭሉን ፈታሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። «ቶሎ ና!» ብቻ ብለው ዘጉት። ስደርስ ኦቦ ኩምሳና አንዲት ገበያተኛ ቆመዋል፤ ዳማ አንገቷ ባዶ ሆኖ ጆንያ ላይ ተኝታለች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጋሽ የሺጥላ መዳፋቸውን ዘረጉ። ማሰሪያው ተከፍቶ፣ ጨርቁ አንድ ቦታ ተቦጭቆ አየሁት። ጠዋት ሩሃማ እሾሃማ ሽቦ አጥራቸው ላይ ተንጠልጥሎ አግኝታው፣ እናቷ ቁጥሩን አይታ ደውላላቸው ኖሯል።

«ስሙ» አሉ ጋሽ የሺጥላ፣ መምህሩ እኔ ሳልሆን እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ። «ድመት ያለው ሰው የሚለቅ ማሰሪያ ያድርግላት። ጨርቅ ይሁን፣ ቀላል ይሁን፣ ግልገል ከሆነች አንገቷ ስለሚወፍር በየሳምንቱ ይለካ። ቁጥር ይጻፍበት። የጠፋች ድመት ትመለሳለች፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይቀያየምም፣ እህልም ከአይጥ ይተርፋል።»

ገበያተኛዋ አልተዋጠላትም። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሚወልቅስ ጠንከር ያለ ጠፍር አይሻልም ነበር?»

ጋሽ የሺጥላ የተቦጨቀውን ጨርቅ በጣታቸው ዳሰሱት።

«በጠፍር አስሬያት ቢሆን ኖሮ፣» አሉ፣ «ያቺ ሕፃን ዛሬ ጠዋት አጥሩ ላይ ያገኘችው ማሰሪያውን ብቻ አይሆንም ነበር።»

ሴትዮዋ ዳማን አየቻት። ጋሽ የሺጥላ ግን ወዲያው ፊታቸው ፈካ ብሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገ ሦስት ይዘህ ና» አሉኝ። «አንዱ ለዳማ ነው፤ እነዚህም ድመት አላቸው።»