ወይኑና የወይራው ጢስ

ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ፣ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም ስወርድ አያ አረጋን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ብቻዬን መሄድ ስለምወድ ሰው ሲያጋጥመኝ ሰላምታ ሰጥቼ ማለፍ ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ማለፍ አልሆነልኝም። ሽማግሌው መጥረቢያና ዶማ በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ ሰላምታዬንም የመለሱልኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ ነበር።

አያ አረጋን በአካባቢያችን የማያውቅ የለም። ለሠርግም ለክርስትናም ጠጅ ሲጣል ለመቅመስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ማሩ ምን ያህል እንደቆየ፣ ጌሾው ከየት እንደመጣ በአንድ ጉንጭ ይናገራሉ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ከወንዙ በላይ ባለው እርከን ላይ ወይን በመትከል የመጀመሪያው ገበሬ ሆኑ። ቦታው ከላሊበላ ዝቅ ያለ፣ ፀሐይ የሚበረታበት፣ ድንጋዩ ከአፈሩ የበዛ ነው። ለስንዴ አይሆንም፤ ወይኑ ግን በድንጋዩ መካከል ሥሩን ሰድዶ ለመለመ። ስምንት ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን አይተው ተከሉ። ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያው ፍሬ ደርሶ፣ ዘጠኙ ቤት ተባብሮ በሠራው የድንጋይ መጭመቂያ ቤት ቀይና ነጭ ወይን ጠጅ ተጣለ።

ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው ወይናቸውን ሊነቅሉ መሆኑን ነገሩኝ። ለአንድ ሆቴል የላኩት ወይን ጠጅ ባለፈው ቅዳሜ ከነሳጥኑ ተመልሷል፤ ያውም በአህያ ተጭኖ፣ ሰው በሞላበት ገበያ መካከል። የሆቴሉ ሰው እንግዶቹ አልወደዱትም ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጠም። አያ አረጋ ግን ምክንያቱን ያገኙት መስሏቸዋል። ወይን የቁርባን ነው፣ እኛ ለሆቴል ብናደርገው ፈጣሪ ጣዕሙን ነሣን አሉኝ። በቦታው ባሕር ዛፍ ሊተክሉ ቆርጠዋል። ስምንቱ ጎረቤቶች ደግሞ እሑድ በሰንበቴው ላይ የሳቸውን ቃል ይጠብቃሉ። የአረጋ ወይን ከተነቀለ የማንም ወይን እንደማይቆም ገባኝ።

ተከተልኳቸው። ያንን እርከን ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። በግራጫው ድንጋይ ላይ የተዘረጋው አረንጓዴ መስመር የእኛ አገር መሆኑ ይገርመኝ ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው ገብተው የመጀመሪያውን ግንድ በሁለት ምት፣ ሁለተኛውን በሦስት ሲጥሉት ቆሜ አየሁ።

ሦስተኛው ዘንድ ሳይደርሱ ሰብሌ ቅርጫት ይዛ እየሮጠች መጣች። ሰብሌ የአያ አረጋ የክርስትና ልጅ ናት፤ ከግብርና ኮሌጅ ተመርቃ የተመለሰችው ባለፈው መስከረም ነው። ቅርጫቱን መሬት አስቀምጣ በግንዱና በሽማግሌው መካከል ቆመች።

«አባባ፣ መጥረቢያውን ያስቀምጡልኝ» አለች።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«እማማ ወለላ ልከውብኝ ነው።»

«እኔ ከቤት ሳልወጣ ወሬዬን አስወጥታዋለች» አሉ ሚስታቸውን። «ዞር በይ። ብረቱ ያገኝሻል።»

አልተነቃነቀችም። ጥፋት የሌለበትን ዛፍ እየቆረጡ መሆናቸውን በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቋት። ሰብሌ ዝም አለች። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ዝምታ ለምን እንደረዘመ የእኛን አገር ሰው መጠየቅ አያሻም። ታናሽ ለታላቁ፣ ያውም ክርስትና ላነሣው ሰው፣ ተሳስተዋል ሊል ሲነሣ አንደበቱ ይተሳሰራል። መጥረቢያው እንደገና ከፍ አለ።

«የእርስዎ ነው» አለች። «የእኔም ነው።»

መጥረቢያው ከፍ እንዳለ ቆመ። ሽማግሌው ቀስ ብለው አወረዱትና «አስረጂኝ» አሉ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

«ጋኖቹን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጠኑ ዕለት አጠገብዎ ነበርኩ። የወይን ዕቃ በወይራ እንደማይታጠን ተምሬአለሁ። በጎረቤት ፊት ላርምዎ ከብዶኝ፣ እንዲያውም ፍሙን ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ።»

አያ አረጋ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። ያልታጠነ ጋን ያልታጠበ ጋን ማለት ነው አሉ። አባታቸውም አያታቸውም ሳያጥኑ የጣሉት መጠጥ የለም፤ ጠላውም ጠጁም ሽታ የሚያገኘው ከወይራው ነው። ሰብሌ የጠላውንና የጠጁን አልካደችም። ማርና ጌሾ ብርቱ ስለሆኑ ጢሱን ይሸከሙታል፤ ወይን ግን ከራሱ ፍሬ በቀር የሚደግፈው የለም፤ ይልቁንም ነጩ አለቻቸው።

«ነጩማ የሳሳው ውኃ ስለጨመራችሁበት ነው» አሉ።

ጠብታ ውኃ እንዳልገባበት ማለችላቸውና አስረዳቻቸው። ቀዩ ከነልጣጩ ይፈላል፤ ቀለሙንም ጎምዘዝ የሚያደርገውንም ከልጣጩ ይወስዳል። ነጩ ግን አስቀድሞ ተጨምቆ ልጣጩ ይወጣለትና ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። ስለዚህ እንደ ራቁት ገላ ነው፤ የነካው ነገር ሁሉ ይታይበታል።

«ታዲያ ዕቃው በምን ይጥራ?»

«በፈላ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ ትንሽ ድኝ ተለክቶ ውስጡ ይነድና ይከደናል።»

ሽማግሌው ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ወደኔ ዞሩ። «ሰማህ? የኔን ወይራ ከልክላ ሰዶም የነደደችበትን ልታጤስበት ነው።»

እኔ ፈገግ አልኩ፤ ሰብሌ ግን አልሳቀችም። ተለክቶ የነደደ ድኝ ወይኑን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠውን ተሐዋሲ እንደሚገድልና ጣዕም እንደማያስቀር፣ የወይራ ጢስ ግን ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ለዓመታት እንደማይለቅ በዝግታ አስረዳች። አያ አረጋም ቃል ለማንም እንደማይቸግር፣ ወሬ ደግሞ ገበያ ላይ የተዋረደን ሰው ቀና እንደማያደርግ ተናግረው መጥረቢያቸውን አስተካከሉ።

ያኔ ሰብሌ ቅርጫቱን ገለጠች። ሦስት ጠርሙስ ነበረበት። አንደኛው ከሆቴሉ የተመለሰው ነጭ ነው። ሁለቱን ግን፣ አንዱን ቀይ አንዱን ነጭ፣ በተጨመቀ ዕለት ከዚያው ጭማቂ፣ ቀዩን ከነልጣጩ፣ ቀድታ በእናቷ ቤት ለብቻ አፍልታ አስቀምጣቸው ነበር።

«ያው ፍሬ ነው፣ ያው ቀን የተጨመቀ» አለች። «ጋን ውስጥ ብቻ አልገባም። ይቅመሱት። ካልጣመዎት መጥረቢያውን ለእኔ ይስጡኝ፤ የቀረውን ራሴ እቆርጠዋለሁ።»

ልጅቷ ከቅርጫቱ ጽዋ አውጥታ ቀዳች። አያ አረጋ መጀመሪያ የተመለሰውን ቀመሱ፤ ከዚያ ከቅላቸው ውኃ ተጎንጭተው ተጉመጠመጡ። ያልታጠነውን ነጭ በአፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ጽዋውን እንደገና ዘረጉ፤ ቀዳችላቸው።

«ይኼ የየት ነው?» አሉ።

«ከእግርዎ ሥር ያለው ነው፣ አባባ።»

ወደ መሬቱ አዩ። «ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ የተመለሰውን ጠርሙስ አንሥተው ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። «ይኼ ደግሞ ጋኔ ነው። ሰዎቹን ያጠጣናቸው ወይን አይደለም፤ ጋኔን ነው።»

የሚለዝቡ መስሎኝ ነበር፤ ቁጣቸው ግን ገና መነሣቱ ነው። «ይህን እያወቅሽ በገበያ አዋረድሽኝ። ምነው ያን ዕለት ብትነግሪኝ?»

«ብነግርዎ ይሰሙኝ ነበር?»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ወደ ቅርጫቱ መለሱት። «አልሰማሽም ነበር» አሉ። «መናገር ግን ነበረብሽ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኛ ወጣቶች ዝምታን አክብሮት እንለዋለን፤ የምናከብረውን ሰው ግን ከነስሕተቱ ለገበያ እንሰጠዋለን። ሽማግሌዎቻችንም ያልጠየቁትን ነገር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላቸውም።

አያ አረጋ በቆረጧቸው ሁለት ግንዶች አጠገብ ተቀምጠው የቀረውን ጥያቄያቸውን አነሡ፤ የቁርባኑን ነገር። ሰብሌም እንዲህ መለሰች፦ ለቅዳሴ የሚጨመቀው ዘቢብ ዛሬ በነጋዴ እጅ ከሩቅ ይመጣል፤ ይህ ወይን ቢቆም ግን ከፍሬው የተሻለው ደርቆ ገነተ ማርያም ትገለገልበታለች፤ የቀረው ደግሞ ቤት ያቆማል። ባሕር ዛፉ ቢተከል የምንጩን ውኃ ይጠጣዋል፤ የወይኑ እርከን ግን አፈሩን ይዞ ያቆየዋል። ሽማግሌው እየሰሙ የተቆረጠውን ግንድ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ማኅበርተኞቹ ለሰንበቴው ተቀመጡ። ስምንቱም ጎረቤቶች አሉ። ከነሱ አንዱ ደሳለ ነገር መቆስቆስ የሚወድ ሰው ነው፤ ጠላው ሳይዞር ጀመረ። «እኛ ዶማ ስለን ነው ያደርነው። አያ አረጋ ሁለት ግንድ ጥለው ደከማቸው አሉ።»

አያ አረጋ ተነሡ። በዚህ ዕድሜያቸው በሸንጎ ፊት ጥፋተኛ ሆነው ቆመው አያውቁም። ሚስታቸው ወይዘሮ ወለላ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«ወይኑ ጥፋት የለበትም» አሉ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በወይራ ጢስ። ይቺ ልጅ ታውቅ ነበር፤ እኔን ፈርታ ዝም አለች። ከእንግዲህ በመጭመቂያው ቤት ውስጥ ማንም እኔን አይፍራ።»

ከዚያ ደሳለ፣ የእኛንስ ጋን ያጠኑልን እርስዎ አይደሉ አለ።

«ሁሉንም አጥኜላችኋለሁ» አሉ። «ጠላ ጣሉባቸው።»

የመጀመሪያው ሳቅ የመጣው ከሴቶቹ በኩል ነው። የዚያኑ ዕለት ለወይኑ ጢስ ያልነካው አዲስ ጋን እንዲገዛና የዕቃው ጽዳት በሰብሌ ትእዛዝ እንዲሆን ተስማሙ። ዶማ ያነሣም አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት የተጣለውን ቀይና ነጭ ያ ሆቴል ተቀበለው፤ ደግሞም አስጨመረ። ከሁለቱ ጉቶዎች አዲስ ቅርንጫፍ ወጣ። ምንጩ አልደረቀም፤ ዘቢቡም በገነተ ማርያም ቤተ ልሔም ገብቷል። ሥራ ፍለጋ ሊሄዱ የነበሩ ሦስት ጎረምሶች እርከን እየካቡ አገራቸው ቀርተዋል። ዕውቀትን ከማን አፍ ወጣ ሳይሉ የሰሙ ሰዎች ያገኙት ይህን ነው፤ የሚሰማ ሁሉ ያገኘዋል።

እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ጥቅም ያየሁት በዚያ ዓመት ኅዳር፣ ፍሬው በሚጨመቅበት ማለዳ ነው። አያ አረጋ በመጭመቂያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«ልጄ፣ ልግባ ወይስ መጀመሪያ ልታጠብ?»

«ይታጠቡ፣ አባባ» አለች ሰብሌ ከውስጥ፣ ቀና ሳትል።

ታጠቡና ገቡ።